የሽፈራው ቅጠል ምስክር

ወገብ የሚባል ነገር እንደነበረኝ የማውቀው ከሰርግ ፎቶዬ ነው። እዚያ ላይ ቀበቶ የሰፋው አንድ ቀጭን ሰው ከባለቤቴ ጎን ቆሟል። ልጆቼ "ይሄ አጎታችን ነው?" ብለው ሲጠይቁ እናታቸው "አዎ፣ ከጠፋ ቆየ" ትላቸዋለች። ቡታጅራ የመጣሁት ያንን ሰውዬ ሆኜ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቤ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ፣ ባዮሎጂ ላስተምር። ሰው አገር ሲለምድ መጀመሪያ ቋንቋውን ይለምዳል ይባላል። እኔ መጀመሪያ የለመድኩት ክትፎውን ነው። ቋንቋውማ እስከ ዛሬ ከሰላምታ አላለፈልኝም።

የማወራችሁ ግን ያ ወገብ የት እንደሄደ ሳይሆን፣ እሱን ለማስመለስ ብዬ የሠራሁት ሥራ ነው። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወቀውን ከእናንተ ደብቄ ምን አተርፋለሁ?

ነገሩ የጀመረው የጤና ባለሙያዎች ትምህርት ቤታችን መጥተው "መምህራኑን እንለካ" ያሉ ቀን ነው። ሜትር የያዘችው ነርስ የቀድሞ ተማሪዬ ሆና ተገኘች። በሆዴ ዙሪያ ሜትሩን ለማሳለፍ ልታቅፈኝ ምንም አልቀራት።

"መምህር፣ ትንፋሽዎን ይልቀቁት" አለችኝ።

"ለቅቄዋለሁ።"

"አልለቀቁትም። ፊትዎ እየጠቆረ ነው።"

ለቀቅኩት። ሆዴ እኔን ጥሎ ወደ እሷ ሄደ። ከኋላ የተሰለፉት ባልደረቦቼ ሳቁ፤ ተራቸው ሲደርስ እነሱም ትንፋሻቸውን ሲይዙ አይቻለሁ።

ከዚያ ክንዴ ታሰረ፣ ጣቴ ተወጋ፣ "ጤና ጣቢያ ይምጡ" ተባልኩ። እዚያ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን ካየ በኋላ "ሜታቦሊክ ሲንድረም" አለኝ። ስሙ ሲሰሙት የሆነ ማዕረግ ይመስላል። ሲተነተን ግን የሆድ ስብ፣ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰቡ ማለት ነው። በሽታ ሳይሆን ማኅበር ነው በሉት፤ እኔ ቤት ተሰብስበው ይጠጣሉ። ለስኳሩና ለግፊቱ ኪኒን አዘዘልኝና "ቅቤ ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ፣ ኪኒኑን ደግሞ እንዳያቋርጡ" ብሎ ሸኘኝ።

እኔን ያንገበገበኝ ኪኒኑ ነው። ኪኒን የልጅ ልጅ ያየ ሰው የሚውጠው ነገር ይመስለኝ ነበር። ደግሞስ ቆሽትን በሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ቆሽት እንዴት ይከዳኛል? ተማሪዎቼ ቢሰሙ ምን ይላሉ? ስለዚህ ለማንም ላለመናገር ወሰንኩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት አውቀዋለሁ። እኔ በሽታውን አልደበቅኩም፤ የደበቅኩት መድኃኒቱን ነው፤ ለዚያ ተረት አልተሠራለትም።

መዋጡን ግን ዋጥኩ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ኪኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች። ውጬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ምላሴንም አንስቼ ካላሳየኋት ወደ ሥራ መሄድ የለም።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ጠባዬን አወቀ። አንድ ጊዜ ስለ ስኳር ብፈልግ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያመጣልኝ ሁሉ ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ ሆነ። ሽፈራው ስኳር ይቀንሳል፣ አብሽ ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ጥቁር አዝሙድ የማይነካው የለም፣ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ። ይህ ሁሉ የሚሆነው በውስጣቸው ባሉት የተፈጥሮ ውሑዶች ነው ይላል። "ፖሊፊኖል" የሚለውን ቃል ያገኘሁ ዕለት ደስታዬን አልቻልኩትም። ቃሉን በመምህራን ማረፊያ፣ በጸጉር ቤት፣ አንድ ጊዜም በለቅሶ ቤት ተናግሬዋለሁ።

ቤታችን ወፍጮ ቤት ሆነ። ጠዋት በባዶ ሆድ የአብሽ ውሃ፣ ረፋድ ላይ የሽፈራው ሻይ፣ ከምሳ በፊት ነጭ ሽንኩርት በማር። ማሩ ለምን እንደገባ አትጠይቁኝ። አብሽ የሚጠጣ ሰው ላቡ አብሽ አብሽ ይላል፤ ይህን ስልኩ አልነገረኝም። ክፍል ስገባ ፊት የሚቀመጡት ተማሪዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ሲያናግረኝ ወንበሩን ወደ መስኮቱ እየገፋ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል ነው ያወራኝ ማለት ይቻላል። እርዱ ደግሞ ያለኝን አንድ ነጭ ሸሚዝ ቢጫ አደረገው። ባለቤቴ አጥባ አጥባ ሲያቅታት "ሌላውንም ንከረውና አንድ ዓይነት ይሁን" አለችኝ።

ከሁሉ የባሰው የእንሴኖው ነው። ጥቁር አዝሙድ ልገዛ እንሴኖ ገበያ ሄጄ፣ ከመመለሴ በፊት ተልባና ሽፈራው አንድ ላይ በጥብጬ ጠጣሁ። ሚኒባሱ ከከተማው እንደወጣ ሆዴ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ለመታገሥ ሞከርኩ። መዝሙረ ዳዊት ደገምኩ። በመጨረሻ "ወራጅ አለ" አልኩ።

"እዚህ?" አለ ረዳቱ። መንገዱ ግራና ቀኙ የበርበሬ እርሻ ነው።

"እዚህ።"

እንሰት ቢሆን ቅጠሉ ሰው ይሸፍናል። በርበሬ ግን ከጉልበት አያልፍም። ሚኒባሱ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር፤ ጥሎኝ ቢሄድ ምን ነበረበት! ከእርሻው ማዶ በርበሬ የሚለቅሙ ልጆች ቀና ብለው አይተውኝ "መምህር፣ ሰላም ነው?" አሉኝ። እጄን አነሳሁላቸው። ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ይህን ሁሉ መከራ የሚያስረሳ ነገር ግን አንድ ቀን አነበብኩ። እርድ ውስጥ ያለው ውሑድ ስብ ካላገኘ በቅጡ ወደ ሰውነት አይገባም ይላል። እኔም ስብ የት እንዳለ አላጣሁትም። ክትፎ ቤት ገባሁና ከኪሴ እርድ አውጥቼ ነሰነስኩበት። ከዚያማ አእምሮዬ ተከፈተ። የሚነጠረው ቅቤ ራሱ ኮሰረት አለበት፣ ኮረሪማ አለበት፣ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ቆጮውም ቢሆን ተክል ነው። ስለዚህ እኔ የምበላው ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ቅቤው ማጓጓዣ ነው። ባለቤቴ ይህን አስረድቻት ስጨርስ "ከማጓጓዣው ትንሽ ቀንስ" አለች።

እንግዲህ ሐጂ ኑሪን ላስተዋውቃችሁ። የተከራየንበት ግቢ የእሳቸው ነው። በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከእንሴኖ ገዝተው ያመጣሉ፣ መንገድ ዳር ባለው ሱቃቸው ይሸጣሉ። ግቢያችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሰላምታውን በማስነጠስ ነው የሚጀምረው። ልጆቼ አባባ ይሏቸዋል። ስኳር ካደረባቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ኪኒናቸውን ይውጣሉ፣ ሶላቱንም ኪኒኑንም አዛንፈው አያውቁም። ሲበዛ ጤነኛ ሰው ነበሩ። "ነበሩ" ያልኩት በእኔ ምክንያት ነው።

በቀጠሮዬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለካ ስኳሬ ወርዶ ተገኘ። ባለሙያው "ኪኒኑ ሠርቷል" አለኝ። እኔ ግን እየበረርኩ መጥቼ ሐጂ ሱቅ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ሁልጊዜ የሰፈር ሽማግሌዎች እዚያ ይቀመጣሉ።

"ወረደ" አልኩ።

"ማን?" አሉ ሐጂ።

"ስኳሬ። ሽፈራው አወረደው።"

እዩልኝ እንግዲህ። ዘጠነኛ ክፍልን "በአንድ ሙከራ ሁለት ነገር ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም" እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። ግን ኪኒን ዋጥኩ ማለት አሳፈረኝ፤ ቅጠል ማለት ደግሞ ዕውቀት መሰለኝ። ስለ ውሑዶቹ አስረዳሁ። ፖሊፊኖልን አነሳሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐጂ እስክጨርስ ሰሙኝና "ያለ ኪኒን?" አሉ።

የማትረሳኝ ጥያቄ ይህች ናት። አዎ አላልኩም፣ አይ አላልኩም። "ሐጂ፣ ኪኒን እኮ ኬሚካል ነው" አልኳቸው።

"ቅጠሉስ?"

"ቅጠሉ የፈጣሪ ነው።"

"ሱብሐነላህ" አሉ። ጠዋት የዋጥኩት ኪኒን ያኔ ሆዴ ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር። አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ የተናገርኩት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው ብዬ። ይህን ዓይነት እውነት ከየት እንደተማርኩት አላውቅም።

ሐጂ ነገር ሲጀምሩ እንደ እኔ በቁንጥር አይደለም። የደረቀ ሽፈራው በጆንያ አስመጡ። እኔ ራሴ ፈጨሁላቸው፤ እኔ ራሴ በማንኪያ ለካሁላቸው። ከበርበሬው አጠገብ ጆንያው ተቀመጠና ገበያተኛው "ይሄ ምንድነው?" ሲል ሐጂ ወደ እኔ እየጠቆሙ "ይሄ መምህር የዳነበት ነው" ይላሉ። እኔም እንደ ምስክር ቆሜ ሆዴን ዳበስ ዳበስ አደርጋለሁ። ሆዴ ለምስክርነት ባይመችም ማንም አልተከራከረኝም።

ሐሙስ ሐሙስ እሳቸው ቤት ዱዓ ይደረጋል። አንድ ሐሙስ እኔንም ጠሩኝና ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጡኝ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው "ያረብ፣ ይህ ልጅ የሚያውቀውን አልሰሰተብንም፣ ያለውን አልደበቀብንም፤ አንተም ከልጆቹ ደስታን አትደብቅበት" አሉ። ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ፤ ድምፄ ከሁሉም ከፍ ብሎ ነበር። እቤቴ ስገባ ግን እራት አልበላልኝ አለ። እሳቸው "ያለውን አልደበቀብንም" ሲሉ የሚያውቁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አለማወቃቸውን ሳይ ይበልጥ ከፋኝ።

"ንገራቸው" አለች ባለቤቴ።

"እነግራቸዋለሁ።"

በማግስቱ ልነግራቸው ሱቅ ሄድኩ። "ሐጂ፣ አንድ ነገር…" ስል "በርበሬ አልቆባችሁ ነው?" ብለው አንድ ፌስታል በርበሬ በነጻ ሰጡኝ። ይዤ ተመለስኩ።

"ነገርካቸው?"

"በርበሬ ሰጡኝ።"

በሌላ ቀን ሄድኩ። ሰው ነበር። በሌላ ቀን ሄድኩ፤ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን "እንዴት አደሩ?" ብዬ ወጣሁ። ኪኒኑን ጭራሽ ትተው እንደሆነ እንኳ ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም፤ ትቻለሁ እንዳይሉኝ። ምናልባት ሁለቱንም ይወስዱ ይሆናል፣ እንደ እኔ፣ እያልኩ አሰብኩ። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነው ብሎ ማሰብ እንዴት እንደሚያስተኛ!

እያደር ሐጂ ከሱ። አላፊ አግዳሚው "ማሻአላህ፣ ወጣት መሰሉ" ይላቸዋል። ጆንያው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። እኔም "አዩ፣ ስቡን አቀለጠው" አልኳቸው፤ አልኩ፣ አልክድም። ግን አግዳሚዋ ላይ አጠገባቸው የውሃ ጆግ መቀመጥ ጀመረ። ይጠጣሉ፣ ይነሳሉ፣ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይጠጣሉ። ይህን የሚያክል ምልክት በሰሌዳ ላይ በትልቁ ጽፌ የማስተምረው እኔ ነኝ፦ መጠማት፣ ሽንት ማብዛት፣ መክሳት። ተማሪዬ ቢስተው ዜሮ እሰጠዋለሁ። ጆጉን እያየሁ ግን "ሙቀቱ ነው" አልኩ ለራሴ። ቡታጅራ በዚያ ሰሞን ዝናብ ነበር።

ዐረፋ መጣ። በዐረፋ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይመጣል፤ የሐጂ ልጅ ሐያትም መጣች። ከዋዜማው፣ የሴቶች ዐረፋ ከሚባለው ቀን ጀምሮ ግቢያችን በቅቤ ሽታ ታጠነ። በዕለቱ እኛም ተጠራን። የሐጂ ባለቤት እማማ ዘይነባ ክትፎውን በጣባ አድርገው ፊቴ አስቀመጡ። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" የሚባለውን በቆጮ አሳየኋቸው።

ሐያት አባቷን እያየች "አባ፣ እንዴት እንዲህ ከሳህ?" አለች።

"መምህሩን ጠይቂው" አሉ ሐጂ ፈገግ ብለው። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። አልበሉም። ጠማኝ ሲሉ ለስላሳ ከፍተው ሰጧቸው። አንዱን ጠጡ፣ ሌላ ተከፈተላቸው። እኔ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አያለሁ። "ሐጂ፣ ለስላሳውን ይተዉት" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። አፌ ውስጥ ክትፎ ነበር። ውጬ እናገራለሁ አልኩ፤ ስውጥ ሌላ ጎረስኩ።

ከምግብ በኋላ ሊመርቁ ተነሱ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ተንገዳግደው ወደ እኔ ወደቁ። ያዝኳቸው። ያ ትልቅ ሰው አንድ ፌስታል እንደ መያዝ ቀለሉኝ፤ እዚያው ላይ ነው የሠራሁት ሥራ በሙሉ የገባኝ።

ባጃጅ ተጠራ። ሐጂን አስገባናቸው፣ ሐያት ገባች፣ እኔም ገባሁ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ "አንድ ሰው ይውረድ፣ ዳገቱን አይወጣም" አለ። ሦስታችንም ማን መውረድ እንዳለበት እናውቃለን፤ ሐጂ እንኳ ራሳቸውን ሳያውቁ የሚያውቁ መሰለኝ። አልወረድኩም። ባጃጇ እያቃሰተች ወጣች። ሆዴ ሐያትን ከበሩ ጋር አጣብቋት፣ እሷ የአባቷን እጅ ይዛ "አባ፣ አባ" ትላለች።

ሆስፒታል እንደደረስን ስኳራቸው ተለካ። ሐኪሙ ቁጥሩን አየና ድጋሚ አስለካ። ወዲያው ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽና ኢንሱሊን ተጀመረላቸው። ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

"መድኃኒት አቁመዋል?" አለ።

"አባ? አያቆምም" አለች ሐያት።

እማማ ዘይነባና ባለቤቴ በሌላ ባጃጅ ደርሰው ነበር። "ትቶታል" አሉ እማማ ዘይነባ። "ኪኒኑን ትቶ ቅጠል ነው የሚጠጣው። መምህሩም በሱ ነው የዳነው።"

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ቁጡ ሰው አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እርስዎ ያለ መድኃኒት ስኳርዎ ወረደ?" አለኝ። "ቅጠሉ እንደ ምግብ ክፉ አይደለም። ግን እርስዎን ካዳነ እሳቸውን እንዲህ ያደረገው ምንድነው? የሆነ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን? ቆሽታቸው ላይ ሌላ ችግር አለ ብዬ ልፈልግ? በትክክል ቢነግሩኝ ይረዳኛል።"

አሁን የምነግራችሁን ከሁሉ ይልቅ አፍርበታለሁ። ሐኪሙ ሳያውቅ በር ከፈተልኝ። ቅጠሉ ተበላሽቶ ይሆናል ማለት እችላለሁ። አፌንም ከፈትኩ፤ "ምናልባት በደንብ ሳይደርቅ…" ድረስ ሄጃለሁ። ጥፋቱን ለሽፈራው ልሰጠው፤ ዛፍ ምን ይላል? ከዚያ ባለቤቴን አየኋት። ጠዋት አፌን ስታስከፍተኝ እንደምታየኝ ነበር የምታየኝ።

"ኪኒን እወስዳለሁ" አልኩ።

"ምን አሉ?" አለ ሐኪሙ።

"ኪኒን… እወስዳለሁ።"

"አልሰማሁዎትም።"

"ኪኒን እወስዳለሁ! ከመጀመሪያው ጀምሮ! አንድ ቀን አቋርጬ አላውቅም!" አልኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት በሽተኞች ሁሉ ቀና አሉ፤ አንዱ "ጎበዝ" አለኝ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ሄደ፤ ለእሱ ነገሩ ተፈትቶለታል። እማማ ዘይነባ ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ሐያት "እና ለምን…" ብላ ጀመረችና ተወችው። ማንም አልሰደበኝም። እዚህ አገር እንግዳ አይሰደብም፤ እኔ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እንግዳ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሊሰድበኝ የሚችል አንድ ሰው በአካባቢው ባገኝ ቡና እጋብዘው ነበር።

በማግስቱ ሐጂ ነቁ። ሐያት መጥታ "አባ ይጠራዎታል" አለችኝ። እግሬ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ባጃጅ ማቆሚያው ሊወስደኝ ነበር። ገባሁ። ትራሱ ላይ ፊታቸው ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ።"

"ወዐለይኩም ሰላም። ተቀመጥ።" ተቀመጥኩ። "ነገሩኝ" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔ ምን ሳስብ እንደከረምኩ ታውቃለህ?" አሉኝ። "አንተ ጠጥተህ ዳንክ። እኔ ጠጣሁ፣ ባሰብኝ። ቅጠሉ ያው ነው፣ ከአንድ ጆንያ ነው፣ የፈጨኸውም አንተ ነህ። እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። አላህ ለሱ የፈቀደውን ለኔ የከለከለኝ የበደልኩት ሰው ቢኖር ነው አልኩ። ይህን ሁሉ ዓመት በርበሬ መዝኛለሁ። ሚዛን ላይ የማንን ሐቅ በላሁ ብዬ ሳስብ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ለዘይነባም አልነገርኳት። አፈርኩ።"

የምይዘው ስላጣሁ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

"ከዐረፋው በፊት እንሴኖ ሄድኩ" አሉ። "ለበርበሬ መስሏቸዋል። ገበያው ውስጥ በዚያም በዚህም እየዞርኩ፣ ከድሮ ጀምሮ የገዛኋቸውን ገበሬዎች አንድ በአንድ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አልኩ። አንዳንዱ እርሻው ድረስ ነው የሄድኩለት። በዚያ ጥማት፣ ወላሂ፣ ጉልበቴ እየከዳኝ።"

"ምን አሉዎት?"

"'ሐጂ፣ ምን በድለኸን?' አሉኝ። ግራ ገባኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? እኔም አላውቀው።"

ያኔ እሳቸው አያውቁም ነበር። በዳዩ ማን እንደሆነ እኔ ግን አውቅ ነበር።